የቀላ ዓይን ሁሉ የጠጣ ሰው ዓይን አይደለም

እስቲ ለአፍታ ወደ አንድ ቤት በሐሳብ እንግባ። ባልየው አርባ ዓመት አልፎታል። እሑድ እሑድ በአጥቢያው በር ላይ ቆሞ ምእመናንን ይቀበላል። መጠጥ በደጁ አልፎ አያውቅም። ዳሩ ግን ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ጠዋት ሲነሣ ዓይኖቹ ቀልተው፣ የቆቦቹ ጠርዝ አብጦ፣ ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ ይገኛል። ቀን ቀን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። ነፋስ ሲነካው ያነባል። ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ሁለት ገጽ ሳይዘልቅ ፊደሉ ይደበዝዝበታል።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «ትናንት የት አመሸህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁለት ሰዎች ስለ ባሏ ዓይን ሲንሾካሾኩ ሚስትየዋ በጆሮዋ ሰማች። የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እሷም ብትሆን ሳትጠይቀው ማለፍ አልቻለችም። እሱም ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው እንጂ ከእርሷ አልጠበቀም ነበር።

ይህ ቤት በሐሳብ የሣልነው ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ሐሜት በየስፍራው ያለ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 23 የዓይንን ቅላት ከወይን ጠጅ ጋር አያይዞ ስለሚያነሣ፣ ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ቀይ ዓይን ባየ ቁጥር ያ ነገር ትዝ ሊለው ይችላል። ክፍሉ ግን ስለ ሰካራም ይናገራል እንጂ ዓይኑ የቀላ ሁሉ ሰካራም ነው አይልም። ዓይን የሚቀላበት ምክንያት ብዙ ነው። ዛሬ የምናነሣው ከእነዚህ አንዱን፣ ስሙ ባገራችን እምብዛም ያልተለመደውን የዓይን ሮዜሺያ ነው። በሽታው ሕክምና አለው። ቸል ከተባለ ወይም በተሳሳተ መድኃኒት ከተነካካ ግን ብርሃንን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ሮዜሺያ ምንድን ነው?

ሮዜሺያ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የቆዳ መቆጣት በሽታ ነው። የሚይዘው በአብዛኛው የፊትን መሐል፣ ማለትም ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ነው። ፊት በድንገት ይግላል፣ ይቀላል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ብጉር የመሰሉ ሽፍታዎችም ይወጣሉ። በአንዳንዶች ላይ የአፍንጫ ቆዳ ይወፍራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 ዓመት በኋላ ቢሆንም በልጆችም ላይ ይታያል።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። የዘር ዝንባሌ፣ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ከልክ በላይ መቆጣት፣ በቀላሉ የሚሰፉ የደም ሥሮች፣ እንዲሁም ዴሞዴክስ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች በቆዳ ላይ መብዛት ሁሉም ድርሻ አላቸው። እነዚህ ተባዮች በአብዛኞቹ አዋቂዎች ቆዳ ላይ ስለሚኖሩ ሮዜሺያ የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። ከባል ወደ ሚስት ወይም ከእናት ወደ ልጅ በመነካካት አይተላለፍም።

ስለ መጠጥም እውነቱን እንናገር። አልኮል በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ፊትን ያግላል፣ በሽታውንም ይቀሰቅሳል። በሌላ በኩል በሕይወታቸው አንዲት ጠብታ ያልቀመሱ ብዙዎች ሮዜሺያ ይይዛቸዋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ዓይን መቅላት ስለ ጠባዩ የሚመሰክረው አንዳች ነገር የለም።

ዓይን ላይ ምን ይሠራል?

ሮዜሺያ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጡት በዓይናቸው ላይ ምልክት እንደሚያዩ ይገመታል። ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ደግሞ የዓይኑ ሕመም ከቆዳው ይቀድማል። እንዲህ ያለው ሰው ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ ዓይኑ ብቻ ሲያስቸግረው ይኖራል።

ነገሩን ለመረዳት እንባ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። በላዩ ላይ ስስ የቅባት ንጣፍ አለው። በወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ያስቡ፤ ይህ ቅባት ከሥሩ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ይከድነዋል። ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆቦች ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ያህል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1666 ስለ እነርሱ በጻፈው በጀርመናዊው ሐኪም በሃይንሪሽ ማይቦም ስም ማይቦሚያን ዕጢዎች ይባላሉ።

ሮዜሺያ እነዚህን ዕጢዎች ያስቆጣቸዋል። ያን ጊዜ ጥርት ያለ ዘይት መሆን የሚገባው ቅባት ወፍሮ፣ በብርድ እንዳደረ ቅቤ ይረጋና ቀዳዳውን ይዘጋል። ክዳኑ የጠፋበት እንባ በሰኮንዶች ውስጥ ይተናል፣ ዓይንም ይደርቃል። የደረቀ ዓይን ሲቆረቁረው ደግሞ ብዙ ውሃማ እንባ ያፈሳል። «ዓይኔ እያነባ እንዴት ደረቀ ትሉኛላችሁ?» የሚለው የብዙ ሕሙማን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ውሃው ሞልቷል፣ ክዳኑ ግን የለም።

ከዚህ የተነሣ የቆቡ ጠርዝ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይለበልባል። ሽፋሽፍት ላይ ፎረፎር የሚመስል ነገር ይጋገራል። ቆብ ላይ ቡግንጅ ወይም ጠጣር እብጠት እየተመላለሰ ይወጣል። ብርሃን ማየት ያስቸግራል።

ሁሉን የሚያስንቀው አደጋ ግን ሌላ ነው። ከጥቁሩ የዓይናችን ክፍል ፊት እንደ መስታወት የጠራ፣ አንድም የደም ሥር የሌለበት ኮርኒያ የሚባል ሽፋን አለ። የምናየው በእርሱ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው። መቆጣቱ ወደ ኮርኒያ ከተሻገረ ይቆስላል። የደም ሥሮች ከጠርዙ ወደ መሐሉ ያድጉበታል። ቁስሉ ሲሽርም ጠባሳ ይተዋል። መስታወት ተጫረ ማለት ነው። አልፎ አልፎም ኮርኒያው ሳስቶ እስከ መቀደድ ይደርሳል። እዚህ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በጊዜ ቢታከሙ ኖሮ ከዚህ ሊድኑ ይችሉ ነበር።

ለምን ሳይታወቅ ይቀራል?

የመጀመሪያው ምክንያት የቆዳችን ቀለም ነው። ስለ ሮዜሺያ የተጻፉት መጻሕፍትና ሥዕሎች ባብዛኛው የፈረንጅ ፊት ያሳያሉ። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ደብዝዞ ወይም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ሐኪምም ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ከሚታየው ይልቅ የሚሰማው ይመሰክራል። ፊትዎ በድንገት እሳት የነካው ያህል ይግላል? ሳሙናና ቅባት ሁሉ ይለበልብዎታል? ጉንጭዎና አፍንጫዎ ላይ ለዓመታት የማይለቅ «ብጉር» አለ? ይህን ለዓይን ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት ይንገሩት።

ሁለተኛው ምክንያት ሌሎች በሽታዎች ስለሚመስሉት ነው። አለርጂ ዓይንን ያቀላል፤ ዋነኛ ምልክቱ ግን ብርቱ ማሳከክ ነው። በአገራችን ገጠር በብዛት ያለው ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል አጠባስሶ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ የሚያጣምም በጀርም የሚተላለፍ በሽታ ነው። እነዚህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። ሮዜሺያን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። የዓይን ሐኪሙ አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ የቆቡን ጠርዝ ያያል፣ ዕጢዎቹን ጫን ብሎ የሚወጣውን ቅባት ይመለከታል፣ ቀለም ጨምሮም እንባው በስንት ሰኮንድ እንደሚሰነጣጠቅና ኮርኒያው መቁሰል አለመቁሰሉን ይመረምራል። ከ10 ሰኮንድ በታች የሚሰነጣጠቅ እንባ ጤነኛ አይደለም።

አደገኛው አቋራጭ

ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት መድኃኒት ቤት ይገባል። «ለሚቀላ ዓይን የሚሆን ስጡኝ» ብሎ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይወጣል። በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ዴክሳሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ ካለ፣ ብቻውንም ይሁን ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ፣ ዓይኑ በሁለት ቀን ጥርት ይላል። ሰውየውም መድኃኒቱን ያመሰግናል። ሲያቆመው ቅላቱ ይመለሳል፤ እንደገና ይገዛል። እንዲህ እያለ ወራትና ዓመታት ያልፋሉ።

ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የዓይንን ውስጣዊ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ግላኮማንም ያስከትላል። ግላኮማ በዝምታ ብርሃንን ከዳር እየበላ የሚመጣ ነው፤ የወሰደውንም አይመልስም። የዓይን ሞራም ያመጣል። ኮርኒያው ቁስል ካለበት ደግሞ ሊያባብሰው ይችላል። እንግዲህ በራሱ ብዙ ጊዜ የማያሳውረው በሽታ፣ መድኃኒቱ አሳውሮት ቁጭ አለ ማለት ነው።

«ዓይን የሚያነጣ» ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ጠብታም አለ። ይህ የደም ሥሮችን ለጥቂት ሰዓት ያጠብባል እንጂ በሽታውን አይነካውም። አዘውትረው ሲጠቀሙበት ኃይሉ ሲያልቅ ዓይን ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። እሑድ ጠዋት ሰው ፊት ለመቆም ብለው ይህን የሚጨምሩ ወገኖች ሐሜትን ለመሸሽ ሲሉ ችግሩን ያባብሱታል።

እኅቶችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ፊትን ያቀላሉ ተብለው በየመደብሩ ከሚሸጡት ክሬሞች አንዳንዶቹ ብርቱ ስቴሮይድ አለባቸው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡ ራሱ ሮዜሺያን የመሰለ በሽታ ያመጣሉ። ይህን ክሬም ሲጠቀሙ የቆዩ ሰዎች በድንገት ሲያቆሙት ፊታቸው ሊቆጣ ስለሚችል፣ በቆዳ ሐኪም ምክር ማቆም ይሻላል። ለሐኪሙም አይደብቁት። የጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመርም በታመመ ዓይን ላይ ጀርም መጨመር ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ደረጃ በደረጃ

የዓይን ሮዜሺያ እንደ ደም ግፊት ያለ ነው፤ ይቆጣጠሩታል እንጂ አንዴ ታክመው አይገላገሉትም። የምሥራቹ ግን አብዛኛው ሰው ተገቢውን ሕክምና ካገኘ በሳምንታት ውስጥ እፎይ ይላል። ሕክምናው ከቤት ይጀምራል።

1. ሙቀት። ንጹሕ ፎጣ በሞቀ ውሃ ይነከርና ይጨመቃል። ክንድ ላይ ሲሞከር የማያቃጥል፣ ደስ የሚል ሙቀት ይኑረው። ዓይንን ጨፍኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቆቦቹ ላይ ማድረግ ነው። ፎጣ ቶሎ ስለሚበርድ ፐርሙዝ አጠገብ አስቀምጦ ደጋግሞ መንከር ያስፈልጋል። የረጋው ቅቤ የሚቀልጠው በዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከተሻለ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ሙቀት ፊታቸውን የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ፎጣውን በቆቡ ላይ ብቻ ይወስኑት።

2. ማሸት። ወዲያው እንዳበቃ በንጹሕ ጣት የላይኛውን ቆብ ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በቀስታ ማሸት። የቀለጠው ቅባት እንዲወጣ ነው። የዓይን ኳሱን መጫን አያስፈልግም።

3. ማጠብ። ለዚሁ የተዘጋጀ መጥረጊያ ካልተገኘ፣ ጥቂት የሕፃናት ሻምፖ በለብ ያለ ውሃ በርዞ፣ ዓይን ጨፍኖ የሽፋሽፍቱን ሥር በጥጥ መጥረግና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ሻምፖው የሚለበልባቸው ሰዎች ይተዉትና ሐኪማቸውን ያማክሩ። በቆቡ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚቀባ ኩል የዕጢዎቹን ቀዳዳ ስለሚደፍን ሕመሙ እስኪበርድ መተው ይመከራል።

4. ሰው ሠራሽ እንባ። ይህ መድኃኒትነት የሌለው ማለስለሻ ጠብታ ነው። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ፕሪዘርቫቲቭ የሌለበትን መምረጥ ይገባል፤ ማቆያ ኬሚካሉ ራሱ ዓይንን ይቆጣልና።

5. የሚዋጥ መድኃኒት። የቤት እንክብካቤው ብቻውን ካልበቃ ሐኪሞች ዶክሲሳይክሊን ያዛሉ። ብዙ ጊዜ 50 ወይም 100 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይሰጥና ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ለፊት ሮዜሺያ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የተፈቀደ 40 ሚሊ ግራም የሆነ ዓይነትም አለ። እዚህ ላይ የሚፈለገው ጀርም መግደሉ ሳይሆን መቆጣትን ማብረዱ ስለሆነ ዝቅተኛ መጠን ይሠራል። በብዙ ውሃ ይዋጣል፤ እንደዋጡ መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል። ወተት፣ የብረት እንክብልና የጨጓራ ማርከሻ አጠገቡ ከተወሰዱ ኃይሉን ይቀንሱታል። ቆዳም በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ነፍሰ ጡር እናት አትወስደውም፤ የምታጠባ እናት ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምረው። ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ጥርሳቸውን ሊያበልዝ ስለሚችል አይሰጣቸውም። ለእነዚህ ኤሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን ሊታሰብ ይችላል። አዚትሮማይሲን ለትራኮማ በዘመቻ ሲታደል ብዙዎቻችን የምናውቀው መድኃኒት ነው። ስለዚህ አዲስ ትዳር የመሠረቱ ጥንዶች ልጅ ለመውለድ እያሰቡ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት።

6. ሌሎች ጠብታዎችና ቅባቶች። ማታ በቆቡ ጠርዝ ላይ የሚቀባ የአንቲባዮቲክ ቅባት ይታዘዛል። መቆጣቱ ሲበረታ ሐኪሙ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ፣ የዓይንን ግፊት እየለካ ሊሰጥ ይችላል። ረዘም ላለ ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓይን ድርቀት በአሜሪካ የተፈቀደው የሳይክሎስፖሪን ጠብታ ስቴሮይድን ይተካል፤ ውጤቱን ለማየት ግን ወራት መታገሥ ይጠይቃል። በሽፋሽፍቱ ላይ ዴሞዴክስ በዝቶ ከተገኘ፣ ይህንኑ ተባይ የሚያጠፋ ሎቲላነር የተባለ ጠብታ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

7. የቆዳው ሕክምና። ፊትም ከታመመ ሜትሮኒዳዞል፣ አዜላይክ አሲድ ወይም አይቨርሜክቲን ያለባቸው ቅባቶች ይታዘዛሉ። እነዚህ ለፊት እንጂ ለዓይን ውስጥ አይደሉም። ለከባድ የቆዳ ሕመም የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የተባለው እንክብል ደግሞ ዓይንን ስለሚያደርቅ፣ የዓይን ሕመም እንዳለብዎት የቆዳ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

8. መሣሪያዎች። በሀብታም አገሮች ቆቡን ከውስጥ አሙቀው ዕጢዎቹን የሚያሹ መሣሪያዎችና ብርቱ የብርሃን ጨረር የሚሰጡ ሕክምናዎች አሉ። የብርሃን ጨረሩ ግን በጥቁር ቆዳ ላይ ቃጠሎና ጠባሳ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን «ለእኔ የቆዳ ቀለም ይስማማል ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ አይተኙለት።

ኮርኒያው ክፉኛ ከተጎዳ ግን ቀዶ ሕክምና ይመጣል፤ አንዳንዴም ከለጋሽ በተገኘ ኮርኒያ መተካት ያስፈልጋል። በአገራችን የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ሕክምና እየተሰጠ ነው። ሮዜሺያ ያለበት ዓይን ግን የተተከለለትን ኮርኒያ የመቀበል ዕድሉ ከሌላው ያነሰ ስለሆነ፣ እዚያ ሳይደርሱ መታከም የተሻለ ነው።

ስለ ዓሣ ዘይት የሚጠይቁም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለዓይን ድርቀት ኦሜጋ 3 የዋጡት ሰዎች በምትኩ የወይራ ዘይት ከተሰጣቸው የተሻለ እንዳላገኙ አሳይቷል። ብዙ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አይደለም።

ቡና ይቅር ወይ?

ሮዜሺያን የሚቀሰቅሱ ነገሮች ከሰው ሰው ይለያያሉ። የታወቁት ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ ጭንቀት፣ የሚያቃጥል ምግብ፣ ትኩስ መጠጥና አልኮል ናቸው። በእኛ ኑሮ ሲታይ ይህ የምጣድ እንፋሎት፣ የማገዶ ጢስ፣ ሚጥሚጣና የቀትር ፀሐይ ማለት ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት ዕቃ ቤቱን በር ከፍታ፣ ጢሱን ከፊቷ አርቃ ብትሠራ፣ አቅም ካለም በኤሌክትሪክ ምጣድ ብትጋግር ይጠቅማታል። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ጥላና የፀሐይ መነጽርም ጥሩ ናቸው።

ቡናን በተመለከተ የሚያስደስት ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ80,000 በላይ በሆኑ አሜሪካውያን ሴቶች መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ቡና አዘውትረው የሚጠጡት በሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የሚያስቸግረው ትኩስነቱ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲኒውን ጥቂት አቀዝቅዞ መጠጣት ነው።

የራስን ቀስቃሽ ለመለየት ለአንድ ወር የበሉትን፣ የዋሉበትንና የዓይንን ሁኔታ በደብተር መመዝገብ ይረዳል። ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ መከልከል ግን ሰውን ያደክማል እንጂ አያድንም።

የትዳር ጓደኛ ድርሻ

የዚህ በሽታ ሕክምና የሚያቅተው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ስለሚያሰለች ነው። ፎጣ መንከር፣ ማሸት፣ ማጠብ፣ በየቀኑ፣ ለወራት። ሲሻለው ሰው ያቆማል፣ ሲያቆም ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሚስት ለባሏ፣ ባልም ለሚስቱ ፐርሙዙን አቅርቦ «ና፣ ዓይንህን»፣ «ነይ፣ ዓይንሽን» ቢባባሉ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ዐሥር ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ የሚቀመጥ ሰው የቀኑን ውሎ ለማውራት ጥሩ ጊዜ አለው። ልጆች እንዳይረብሹ ማድረግ፣ የቀጠሮ ቀን ማስታወስ፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ ሄዶ የተባለውን መስማት፣ እነዚህ ሁሉ የሕክምናው ክፍል ናቸው።

ሌላም አለ። ፊቱ ወይም ዓይኑ የቀላ ሰው ከሰው መሐል መራቅ ይጀምራል። ፎቶ አይነሣም፤ ከመድረክ ይሸሻል። ይህን ሲያዩ ከመጠርጠር በፊት «ምን ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በጉባኤም ውስጥ ስለ ሌላው ዓይን ከመንሾካሾክ «ዓይንህን ሐኪም አይቶልሃል ወይ?» ማለት የወንድማማች ነገር ነው።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ

የሚከተሉት ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል፦ ብርቱ የዓይን ሕመም፣ የእይታ መቀነስ ወይም መደብዘዝ፣ ብርሃን ጨርሶ ማየት አለመቻል፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ መታየት። አንድ ዓይን ብቻ ከሌላው ለይቶ በድንገት ከቀላም እንዲሁ። አዘውትሮ ቡግንጅ የሚወጣበትና ዓይኑን የሚያሻሽ ልጅም ይመርመር። ሲሄዱ እስካሁን የተጠቀሙባቸውን ጠብታዎችና ክሬሞች ሁሉ፣ ባዶ ጠርሙስም ቢሆን፣ ይዘው ይሂዱ።

ወደ ጀመርንበት ቤት እንመለስ። ሚስትየዋ ያን ማታ ጠየቀችው፤ እሱም «አልጠጣሁም» አላት። አመነችው። በማግሥቱ ግን ነገሩን በማመን ብቻ አልተወችውም፤ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ፣ እጁን ይዛ ወደ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰደችው። እርስዎም በቤትዎ ወይም በአጥቢያዎ ዓይኑ ዘወትር የሚቀላ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ፎጣና ፐርሙዝ ያቅርቡለት፤ ነገ ደግሞ ሐኪም ዘንድ አብረውት ይሂዱ።